ወንድሙ የተሰወረበት ሰው አጠገባችሁ ካለ

ጀርመን ሃይም ውስጥ፣ ማለትም የስደተኛ መጠለያ ውስጥ፣ የኖረ ሐበሻ አፍጋኑንም፣ ሶሪያዊውንም፣ ኩርዱንም ለይቶ ያውቃል። ባሉቹን ግን «ፓኪስታኒ ነው» ብሎ ነው የሚያልፈው። ባሉቹም ብዙ ጊዜ አያርምም። ማስረዳቱ ይታክተዋል።

እኔ ከአንድ የባሉች ልጅ ጋር አንድ ክፍል ኖሬያለሁ። ሁለታችንም ከሃይም ከወጣን በኋላ ደግሞ ተወስዶ የት እንደደረሰ ያልታወቀ ታላቅ ወንድሙን ጉዳይ ለተባበሩት መንግሥታት ሲያስገባ ወረቀቱን አብሬው ሠርቻለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፣ ፖለቲከኛም አይደለሁም። ግን ሥራው ምን ምን እንደሚጠይቅ በቅርብ ስላየሁት ሌላ ሰው እንደኛ እንዳይንገላታ ልጽፈው ፈለግኩ። የባሉቾች ነገር ባይመለከታችሁ እንኳን፣ ከኛው መሃል አባቱ ወይ ወንድሙ ተወስዶ የት እንደደረሰ የማያውቅ ስንት ሰው አለ። ለሱም ይሆናል። የልጁን ስም አልጽፍም፤ እናቱ አሁንም እዚያው ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ አገሩን ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም አገሩን ሳታውቁ ልጁን ብትጠይቁት የምትጠይቁት ሁሉ ያደክመዋል።

አፋርን አስቡ። አንድ ሕዝብ፣ ሦስት አገር፣ ደረቅ መሬት፣ ዳር ላይ ባሕር፣ ግመልና ፍየል። ባሉቾችም ፓኪስታን፣ ኢራንና አፍጋኒስታን መሃል ተከፋፍለዋል። አፋር ዳጉ እንዳለው ሁሉ እነሱም «ሃል» የሚሉት ልማድ አላቸው። ሁለት መንገደኛ ሲገናኝ ዝም ብሎ ሰላም ተባብሎ አይለያይም፣ ከየት መጣህ፣ ዝናብ ጣለ ወይ፣ ማን ሞተ፣ ማን ወለደ፣ ገበያው እንዴት ነው እየተባባለ በተራ በተራ ወሬ ይቀባበላል። ጓደኛዬ ይሄን ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር። ቀጠለና «አሁን ግን በስልክ ሃል የለም» አለኝ። ከእናቱ ጋር ሲደዋወሉ የሚያወሩት ስለ ሙቀቱና ስለ ተምሩ ብቻ ነው። ስልኩን ማን እንደሚሰማው ስለማይታወቅ ሌላው ሁሉ ይዘለላል።

የሱ ከተማ ቱርባት ናት፣ ኬች በሚባለው አውራጃ። በፓኪስታን ስር ያለው ባሉቺስታን ከአገሪቱ ስፋት ወደ 44 በመቶ ይሆናል፤ ሕዝቡ ግን በ2023 ቆጠራ 15 ሚሊዮን እንኳን አልሞላም፣ እሱም ሁሉም ባሉች አይደለም፣ በሰሜን በኩል ፓሽቱኖች አሉ፣ ክዌታ ውስጥ ሃዛራዎች አሉ። መሬቱ ሀብታም ነው። ዴራ ቡግቲ አካባቢ ሱዊ በሚባል ቦታ በ1952 የተፈጥሮ ጋዝ ተገኘ። በጥቂት ዓመት ውስጥ በቧንቧ ካራቺ ደረሰ። የራሷ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ክዌታ ግን እስከ 1980ዎቹ ጠበቀች። የጓደኛዬ እናት ዛሬም የሚያበስሉት በእንጨት ነው። ኬችና አካባቢው ደግሞ ለብዙ ዓመት መብራት የሚያገኙት ከኢራን ተገዝቶ ነበር። ጋዙን ለአገር የሰጠ ክፍለ ሀገር፣ መብራት ከጎረቤት አገር! ወርቁና መዳቡም አለ፣ ሬኮ ዲቅና ሳይንዳክ በሚባሉ ቦታዎች። ፓኪስታን በሜይ 1998 የኒውክሌር ቦምቧን የሞከረችውም እዚያው ነው፣ ቻጋይ አውራጃ ውስጥ።

ግዋዳርን ብዙ ሰው በዜና ሰምቷል፣ ቻይና የሠራችው ወደብ። ብዙ ሰው የማያውቀው ግዋዳር እስከ 1958 ድረስ የኦማን መሬት እንደነበረች ነው። ፓኪስታን ከሱልጣኑ ገዛቻት። የጓደኛዬ አያት በኦማን ጦር ውስጥ አገልግለዋል፤ ኦማን ግዋዳር ካለችበት ከማክራን ጠረፍ ወታደር ትመለምል ነበር። እናንተ ሙስካት ያላችሁ ልጆች፣ ሙትራ ላይ የምታገኟቸው ብዙዎቹ «ኦማኖች» ባሉቾች ናቸው፣ ብትጠይቋቸው ይነግሯችኋል። ሌላም ልጨምር፣ ከርዕሱ ብወጣም። በዚያ ጠረፍና ካራቺ ውስጥ ሊያሪ በሚባለው ሰፈር ዘራቸው ከአፍሪካ የሆነ ብዙ ሰዎች አሉ፤ አያቶቻቸው በባሪያ ንግድ በባሕር የተወሰዱ ናቸው። ባሉቺ ይናገራሉ፣ ባሉች ነን ይላሉ። ጓደኛዬ የአንድ ሰርግ ፎቶ ሲያሳየኝ ሙሽራውን «የኛ አገር ልጅ ነው እንዴ?» ብዬው ነበር። እንደዛ ነው ወሬያችን የተጀመረው።

ወደ ወደቡ ልመለስ። በ2015 ትልቁ የቻይናና የፓኪስታን የኢኮኖሚ ኮሪደር ሲታወጅ ግዋዳር ሁለተኛዋ ዱባይ ትሆናለች ተባለ። በ2021 መጨረሻ ላይ የከተማው ሰው አደባባይ ወጥቶ ለሳምንታት ተቀመጠ። ምን ጠየቁ መሰላችሁ? የሚጠጣ ውሃ። ትልልቅ መርከቦች ዓሣችንን ጠርገው አይውሰዱብን። በየመንገዱ «ማነህ፣ ከየት ነህ፣ ወዴት ነህ» የሚለው ፍተሻ ይቀንስ። በገዛ ሰፈሩ፣ በገዛ በሩ ላይ የሚጠየቅ ሰው ምን እንደሚሰማው አስቡት።

ጦርነቱ ረጅም ነው፣ ባጭሩ ልንገራችሁ። እንግሊዝ ስትወጣ የካላት ኻን የሚገዛው አገር ነፃ ነኝ ብሎ ነበር፤ በማርች 1948 ፓኪስታን ውስጥ ገባ። ባሉቾች በግድ ነው ይላሉ፣ መንግሥት በስምምነት ነው ይላል። በዚያው ዓመት አመፅ ተነሳ። በ1958 እንደገና። በ1960ዎቹ እንደገና። ከ1973 እስከ 1977 ደግሞ የከፋው። አሁን ያለው በ2000ዎቹ የጀመረው ነው፤ በኦገስት 2006 የቀድሞው አገረ ገዥና የጎሣ መሪ ናዋብ አክባር ቡግቲ በወታደራዊ ዘመቻ ከተገደሉ ወዲህ ባሰበት።

መሰወሩ የመጣው ከዚህ ጋር ነው። ተማሪ ይወሰዳል፣ አስተማሪ ይወሰዳል፣ ጋዜጠኛ ይወሰዳል። ክስ የለም፣ ፍርድ ቤት የለም፣ እስር ቤቱ አይታወቅም። አንዳንዱ ከወራት በኋላ ይለቀቅና ምንም አይናገርም። አንዳንዱ፣ በተለይ ከ2010 ወዲህ ባሉት ዓመታት፣ አስከሬኑ መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኝቷል። ቤተሰቦች የጠፉት በሺዎች ይቆጠራሉ ይላሉ። መንግሥት ቁጥሩ የተጋነነ ነው፣ ብዙዎቹ ተራራ ላይ ካሉት ታጣቂዎች ጋር ናቸው ወይም ውጭ አገር ሄደዋል ይላል። ይቺን የመንግሥት መልስ ያዙልኝ፣ ወረቀቱ ጋ ስንደርስ ታስፈልገናለች።

ማማ ቀዲር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ልጃቸው ጃሊል ሬኪ በ2009 ተወሰደ፣ በ2011 ሬሳው ተገኘ። እሳቸው ግን ከዚያ በኋላም ቤታቸው አልተቀመጡም። በ2013 መጨረሻ፣ በሰባዎቹ ዕድሜ ላይ ሆነው፣ ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ከክዌታ ካራቺ፣ ከካራቺ ኢስላማባድ በእግራቸው ሄዱ። ከ2000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ክዌታ ፕሬስ ክለብ ፊት ለፊት ያለው የተቃውሞ ድንኳን እስካሁን ለብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያ መዳረሻ ነው። የጓደኛዬ እናትም እዚያ ተቀምጠዋል። ከቱርባት ክዌታ ረጅም መንገድ ነው፣ ከዚያ በፊት ከኬች ወጥተው አያውቁም።

አሁን የተቃውሞው መሪዎች ሴቶች ናቸው። ዶክተር ማህራንግ ባሉች አባቷ በ2009 ተወስዶ በ2011 ሞቶ የተገኘ ልጅ ናት። ሳሚ ዲን ባሉች አባቷ ዶክተር ዲን ሞሐመድ በጁን 2009 ተወስዶ የት እንዳለ አልታወቀም፤ እሱን ፍለጋ ስትጀምር ትንሽ ልጅ ነበረች። በ2023 መጨረሻ አንድ ወጣት በፖሊስ እጅ እያለ ከተገደለ በኋላ ሴቶቹ ከቱርባት ኢስላማባድ ድረስ ተጉዘው ሲደርሱ ፖሊስ በዚያ ብርድ በውሃ መድፍና በእስር ነበር የተቀበላቸው። ማህራንግ በማርች 2025 ታሰረች።

በኢራን በኩል ያለው ሌላ ታሪክ ነው፣ አንድ ሁለት ነገር ብቻ። እዚያ ባሉቾቹ ሱኒ ናቸው፣ መንግሥቱ ሺዓ። ብዙ ሰው የልደት ወረቀት እንኳን የለውም፣ ስለዚህ ትምህርት ቤት መግባትም መታከምም ጣጣ ነው። ሥራ የለም፤ ያለው ነዳጅ ድንበር ማሻገር ነው። ጓደኛዬም ካራቺ ከመሄዱ በፊት ያን ሥራ ሠርቷል፣ በሰማያዊዋ ዛምያድ ፒክአፕ፣ ጀሪካኑ ከጀርባው እስከ ላይ ተቆልሎ። በፌብሩዋሪ 2021 ሳራቫን ላይ በእነዚህ ነዳጅ ጫኞች ላይ ተተኮሰ። ሴፕቴምበር 30 ቀን 2022 ደግሞ ዛሄዳን ውስጥ ከዓርብ ሶላት በኋላ በሰጋጆችና በተቃዋሚዎች ላይ ተተኩሶ በአንድ ቀን ብዙ አስር ሰው አለቀ።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ታጣቂዎቹም ንጹሕ ሰው ይገድላሉ። በኦገስት 2024 ሙሳኬል በሚባል ቦታ አውቶቡስ አስቁመው፣ መታወቂያ አይተው፣ ፑንጃቢ የሆኑትን አውርደው ገደሉ። ይሄ ነገር ለኛ ለኢትዮጵያውያን ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም መሰለኝ። በማርች 2025 ደግሞ ጃፋር ኤክስፕረስ የሚባለውን የመንገደኞች ባቡር ጠልፈው ሰው ገደሉ። ጓደኛዬን ከአውቶቡሱ ስለወረዱት ሠራተኞች ስጠይቀው «እነዚያ ሠራተኞች እንደኔ ዳቦ ፍለጋ የወጡ ናቸው» ነው ያለኝ። ግን ደግሞ የሚያንገበግበው ሌላ ነገር አለ፤ ወንድሜ ጠፋ ባለ ቁጥር የመጀመሪያው ጥያቄ «ታጣቂ ነበር እንዴ?» መሆኑ። ታጣቂም ቢሆን ፍርድ ቤት ይቅረብ ነው መልሱ። እኔም ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

እንግዲህ ወደ እርዳታው።

አጠገባችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ ለቅሶ እንደደረሳችሁ አትሁኑ። እኛ ሐዘን አያያዝ እናውቃለን፣ መርዶ ይነገራል፣ ድንኳን ይጣላል፣ ሰልስት፣ አርባ፣ ተዝካር። መርዶ ያልተነገረው ሰው ግን ምን ላይ ይቀመጣል? «እግዜር ያጥናህ» ስትሉት ወንድሙን እንደገደላችሁበት ይቆጥረዋል። «ቁርጡን ማወቅ ይሻላል» የሚለውም ምክር ይቅር፣ ቁርጡን የያዘው ሰው ሌላ ነው። ጓደኛዬ ስለ ወንድሙ የሚያወራው «ሻይ ሲጠጣ ስኳር ያበዛል» እያለ ነው። እኔም እንደዚያው አወራለሁ። ከዚያ ውጭ ዝም ብሎ አብሮ መብላት፣ አብሮ ኳስ ማየት። ሊያወራ ሲፈልግ ራሱ ያወራል፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት።

ሁለተኛ፣ ፌስቡክ ላይ ልለጥፍልህ አትበሉት። ልባችሁ ደህና ቢሆንም። መጀመሪያ አገር ቤት ያለው ቤተሰብ ይስማማ። እኛ እናቱ ከአጎቶቹ ጋር እስኪመካከሩ ጠብቀናል፣ ጊዜም ወስዷል፣ ምክንያቱም ውጭ ያለው ሰው በጮኸ ቁጥር ቤት ያለው ሌላ ወንድም ሊወሰድ ይችላል። ፍርሃቱ ባዶ አይደለም። ውጭ አገር ላይም አለ። ጋዜጠኛው ሳጂድ ሁሴን በማርች 2020 ስዊድን ኡፕሳላ ውስጥ ጠፍቶ በኤፕሪል ወንዝ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። የመብት ተሟጋቿ ካሪማ ባሉች በዚያው ዓመት ዲሴምበር ቶሮንቶ ውስጥ እንዲሁ። የሁለቱም አገር ፖሊስ ወንጀል አላገኘንም አለ። ባሉቾቹ ግን አላመኑም፣ እስከዛሬም ተረጋግተው አይሄዱም። ከኤምሬትስም ራሺድ ሁሴን የሚባል ልጅ በ2018 መጨረሻ ተይዞ በ2019 ወደ ፓኪስታን ተላልፏል። ስለዚህ ባልንጀራችሁ «ፎቶዬን አታውጣ» ካለ እያካበደ አይደለም።

ሦስተኛው ወረቀቱ ነው። እዚህ ላይ ነው የማንም ጓደኛ እጅ በእውነት የሚያስፈልገው፣ ምክንያቱም ባለቤቱ ሲጽፈው ያለቅሳል፣ ሲያለቅስ ደግሞ ቀን ይሳሳታል።

ቀን ትልቁ ጣጣ ነው። የኛ ሰው ይሄን ያውቀዋል፤ የጥገኝነት ኢንተርቪው ላይ መስከረምን ወደ ሴፕቴምበር፣ 2008ን ወደ 2015 ሲመነዛዝር ስንቱ ተምታቶበት «ታሪክህ አይገጥምም» ተብሏል። የጓደኛዬ እናት ደግሞ የፈረንጁንም ካሌንደር አይጠቀሙም። ልጃቸው የተወሰደበትን ቀን ስንጠይቃቸው ያሉት ይሄን ነው፦ ተምር መለቀም ከተጀመረ በኋላ፣ ዓርብ አይደለም ሐሙስ ማታ ነው፣ ለነገ ሶላት ልብሱን አጥቤ ገመድ ላይ ሰቅዬው ነበር። እኛ ካሌንደር ከፍተን የዚያን ዓመት የጁላይና የኦገስት ሐሙሶችን ደረደርናቸው። ከዚያ ጓደኛዬ ስልኩን አወጣ። በዚያን ጊዜ ካራቺ ነበር፣ ለወንድሙ ዋትሳፕ ላይ «ለሞተሩ ጎማ ስንት አሉህ?» ብሎ ጽፎለታል። መልእክቱ እስከ ዛሬ አንድ ግራጫ ምልክት ላይ ነው፣ አልደረሰም። ቀኑን ስናይ ሐሙስ ነው፣ ሰዓቱ ከእራት በኋላ። እንደዚያ ነው ቀኑ የተገኘው። ስክሪንሾቱም ማስረጃ ሆነ። እናንተም ቀን ስትፈልጉ ወሩን ከመገመት በዓል፣ አዝመራ፣ ሰርግ፣ ፈተና፣ የስልክ መልእክት ፈልጉ።

ቀጥሎ የታየውን ከተሰማው ለዩ። ማን አየ? ከየት ሆኖ? መኪናው ስንት ነበር፣ ምን ዓይነት? ልብሳቸው ምን ይመስላል፣ ፊታቸው ተሸፍኗል? በምን ቋንቋ ተናገሩ? «እገሌ የሚባለው ክፍል ነው የወሰደው» ብሎ መደምደም ይቀላል፣ ልብም ይፈልገዋል። ፎርሙ ማን ይመስላችኋል ብሎ ይጠይቃል፣ ያንንም ጻፉ፣ ግን ለምን እንደመሰላችሁ አብራችሁ ጻፉ። እናቱ ያዩት የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች በፋኖስ ብርሃን ልጃቸውን በአንድ እግር ጫማ ይዘውት ሲወጡ ነው። እሱን እንዳለ ጻፍነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ የመንግሥት መልስ እዚህ ነው የሚመጣው፤ «ተራራ ወጥቷል» ለሚል ሰው መልሱ ሲወሰድ ያየ ሰው ነው።

ቤተሰቡ ያደረገውንም ሁሉ መዝግቡ፣ ያልተሳካውንም ጭምር። ፖሊስ አቤቱታውን አልመዘግብም ቢል፣ በስንት ቀን የት ጣቢያ ሄደው ማን መለሳቸው የሚለው ራሱ መረጃ ነው። ፓኪስታን ውስጥ የመጀመሪያው የፖሊስ መዝገብ ከሌለ ሌላው በር ሁሉ ይከብዳል፣ ብዙ ቤተሰብም የሚቆመው እዚያ ነው። በ2011 የተቋቋመ የተሰወሩ ሰዎችን ጉዳይ የሚያጣራ የመንግሥት ኮሚሽን አለ፤ ቤተሰቦች ብዙ እምነት የላቸውም፣ ግን እዚያ የቀረበ ወረቀት ካለ ኮፒው ይያያዝ።

ፎቶ አንድ ጥሩ ይበቃል። የኛው ከኮሌጅ መታወቂያ ላይ ተነስቶ ያደገ ነበር፣ ትከሻው ላይ የማህተም ግማሽ ክብ ይታያል። እናቱ ድንኳን ውስጥ የያዙትም ያው ነው።

የሚገባው የት ነው? በጄኔቫ የአስገድዶ መሰወር ጉዳይ የሚያይ የተባበሩት መንግሥታት የሥራ ቡድን አለ፣ ከ1980 ጀምሮ የሚሠራ። ክፍያ የለውም፣ ጠበቃ አያስፈልግም፣ በእንግሊዝኛ በኢሜይል ይላካል። መንግሥቱ ስለ መሰወር የሚደነግገውን ስምምነት ባይፈርም እንኳን ይቀበላሉ፤ ፓኪስታንም አልፈረመችም። መጀመሪያ በአገር ውስጥ ፍርድ ቤት ጨርሱ አይሉም። የሚያስገባው ቤተሰብ ነው ወይም በቤተሰቡ ፈቃድ ሌላ ሰው ወይ ድርጅት። ከተወሰደ ሦስት ወር ያልሞላው ከሆነ በአስቸኳይ መንገድ ያዩታል፣ ስለዚህ ትኩስ ጉዳይ ያለው ሰው «እስኪ ትንሽ እንይ» እያለ አይጠብቅ። የቆየም ቢሆን ይቀበላሉ። ስማችሁ እንዳይገለጥ ከፈለጋችሁ ያንን በግልጽ ጻፉላቸው።

አትጠብቁ የምላችሁ ደግሞ አለ። ቡድኑ ፍርድ አይሰጥም፣ ካሳ አያስከፍልም፣ በር ሰብሮ አያስፈታም። የሚያደርገው ጉዳዩን ወደ መንግሥቱ ልኮ «ይሄ ሰው የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው፣ መልስ ሲመጣ ለቤተሰቡ መላክ ነው፣ እስኪታወቅም መዝገቡን አለመዝጋት ነው። ጓደኛዬ ይሄን ስነግረው «እና ምን ይጠቅማል?» አለኝ፣ እውነቱን ነው። እናቱን ስንጠይቃቸው ግን «ስሙ እዚያ ይጻፋል?» ነበር ጥያቄያቸው። አዎ አልናቸው። «ይጻፍ» አሉ።

ጦርነት ወይም ስደት ላይ ለተለያየ ቤተሰብ ቀይ መስቀልም የሰው ፍለጋ አገልግሎት አለው፣ ጀርመን ውስጥ ዙህዲንስት ይሉታል፣ እሱም በነፃ ነው። ለኛ አገር ሰው በተለይ በሱዳንና በሊቢያ መንገድ ለጠፋ ይሄኛው ይሻላል። ደግሞ ተጠንቀቁ፣ ስሙ በወጣ በሳምንቱ «ልጃችሁን እስር ቤት አይቼዋለሁ፣ ብር ላኩና ላገናኛችሁ» የሚል ስልክ ይመጣል። ለጓደኛዬ ቤተሰብም መጥቷል። እውነት መሆኑን ለማወቅ ቤተሰብ ብቻ መልሱን የሚያውቀውን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ ስኳር ያበዛል ወይስ አያበዛም ዓይነት። እነሱ እንዲህ ሲጠይቁት ሰውዬው ስልኩን ዘጋው።

ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው ከሆነ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ለጄኔቫ የጻፋችሁት ቀንና ኢንተርቪው ላይ የሚናገረው ቀን አንድ ይሁን፣ ኮፒውን አስቀድሞ ያንብብ። አስተርጓሚ ደግሞ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይጠይቅ። ጓደኛዬን ፓኪስታኒ ነው ብለው ኡርዱ አስተርጓሚ ነው ያመጡለት። ኡርዱ ይችላል፣ ግን የትምህርት ቤት ቋንቋው ነው፣ ስለ እናቱ በኡርዱ ማውራት አይሆንለትም። ከኛም ትግርኛም ኦሮምኛም አፉን የፈታ ሰው አማርኛ ስለሚችል ብቻ «ግዴለም» ብሎ ይገባል። ግዴለም አይባልም፣ ቀጠሮው ሳይደርስ በጽሑፍ ጠይቁ።

ባሉቾች ሰልፍ ሲጠሩ ሂዱላቸው። በርሊን ላይ የሚወጡት ብዙ ጊዜ ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ ሴቶቹ ያንን ደረቱ ላይ ትልቅ ጥልፍና ከፊት ረጅም ኪስ ያለውን ቀሚስ ለብሰው፣ ፎቶ ይዘው። አንድ ተጨማሪ ሰው ፎቶ ቢይዝላቸው ይታያል። የራሳችሁን ባንዲራና የራሳችሁን ጉዳይ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ፊት እየቀረጻችሁም ላይቭ አትግቡ። የመጣችሁት ፎቶ ልትይዙ ነው።

የወንድሙ ጉዳይ ቁጥር ተሰጥቶታል። ከፓኪስታን በኩል እስካሁን ምንም የተጻፈ መልስ የለም። በኦገስት 2025 ባሉቺስታን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘግቶ ከእናቱም ጋር መገናኘት አልቻለም ነበር፣ እኛም ያን ጭንቀት ስለምናውቀው በየማታው «ገባ ወይ?» እንባባል ነበር። ሲከፈት መጀመሪያ ያሉት ስለ ሙቀቱና ስለ ተምሩ ነው።

የወረቀቶቹን ስካን ቢያንስ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱ ከአገሪቱ ውጭ ባለ ሰው እጅ ይሁን። አዲስ ምስክር ወይም አዲስ ወሬ ሲገኝ በቁጥሩ ጨምራችሁ ላኩ። ኢሜይላችሁን ስትቀይሩ ደግሞ ለጄኔቫ አሳውቁ፤ መልሱ ከስንት ዓመት በኋላም ቢመጣ የሚልኩት መዝገቡ ላይ ባለው አድራሻ ነው።